ያልፈተሽኩት ፖርት

ወንድም ጋሼን ከሥራው ያስባረርኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ብትጠይቁ አለቃችን ነው ይላችኋል፣ አለዚያም ከውጭ የመጣው ባለሙያ ነው ይላችኋል። እኔም ስንት ጊዜ በእነሱ ላይ አፌን ከፍቻለሁ፤ በስድብ መቼም አልታማም። እንቅጩን ልናገር ካልኩ ግን እኔ ነኝ።

የምንሠራው አንድ ሆስፒታል ኔትወርክ ክፍል ውስጥ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ዋና ቴክኒሻን፣ እኔ ደግሞ የሙከራ ጊዜዬን ያልጨረስኩ ጀማሪ። ያስገባኝ እሱ አይደለም፣ ተፈትኜ ነው የገባሁት። "በዘመድ ገባች" እያሉ ያንሾካሾኩብኝን ሁሉ እስከ ዛሬ አንድ በአንድ አስታውሳቸዋለሁ።

አዲሱ የራጅ ሕንፃ ሲከፈት የበሽተኞቹን ምስል ወደ ማከማቻው ማድረስ አስቸገረ። ምስሉ የሚላከው ተቆራርጦ ነው፤ መንገዱ ሲጨናነቅ ደግሞ ገመዶቹ ሁሉ የሚሰኩበት ሳጥን፣ ስዊቹ፣ የሞላበትን ይጥላል። የኢሜይል ቁራጭ ቢጥል ግድ የለም፣ እንደገና ይላካል። ማከማቻው ግን አንዲት ቁራጭ ከጎደለችበት ቀጥ ይላል፣ ሐኪሙም ባዶ ስክሪን ላይ ሲያፈጥ ይውላል። አለቃችን፣ ሁልጊዜ ስለሚያጣድፈን ቶሎቶሎ ነው የምንለው፣ ለምስል ብቻ ሌላ ገመድ ሌላ ስዊች ይዘርጋ አለ። ወንድም ጋሼ ሽንጡን ገትሮ ተከራከረ። በዚያው በአንዱ ገመድ ላይ ስምንት የቅድሚያ ደረጃዎች አሉ፤ ሦስት ቁጥርን ለምስል እንስጠው አለ። ተቀባዩ ሊሞላበት ሲል ለላኪው "ሦስት ቁጥር፣ ትንሽ ቁም" ይለዋል፣ ሌላው ሁሉ መንገዱን ይቀጥላል፣ ስለዚህ ምስሉ ይጠብቃል እንጂ አይጣልም። ይህን ካስረዳ በኋላ በሰው ሁሉ ፊት "ምስል ከተቋረጠ እኔን አሰናብቱኝ" አለ። ሰው እንዴት እንዲህ ያለ ቃል ካፉ ያወጣል? አሁንም ሳስበው ያናድደኛል። ቃሉን ይዘው ፈቀዱለት።

ነገሩ የሚሠራው ግን በመንገዱ ላይ ያለው እያንዳንዱ ፖርት፣ የገመድ መሰኪያ ማለት ነው፣ ሲስማማ ብቻ ነው። አንዱ ቁም ሲባል ጆሮ ዳባ ልበስ ካለ የሌሎቹ መታዘዝ ከንቱ ነው። ለዚህ ነው ወንድም ጋሼ ደንብ ያወጣው። የሦስት ቁጥሩን ትእዛዝ ያስገባ ሰው ሲጨርስ እያንዳንዱን ፖርት እንደገና በዓይኑ እያየ ቅጽ ላይ ምልክት ያደርጋል፣ ከዚያ ይፈርማል። የአዲሱን ሕንፃ ስዊች ለእኔ ሰጠኝ፤ አርባ ስምንት ፖርት ነው። ትእዛዙን አስገባሁ፣ አርባ ስድስቱን ፈተሽኩ። የቀሩት ሁለቱ ወደ ማከማቻው የሚወስዱት ናቸው። ቶሎቶሎ በር ላይ ቆሞ "አላለቀም እንዴ? አላለቀም እንዴ?" እያለ ሲነዘንዘኝ ደሜ ፈላ። ሁለቱንም ሳላያቸው ምልክት አደረግኩ፣ ፈረምኩ፣ ቅጹንም እጁ ላይ ወረወርኩለት።

ከዚያ ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት ሥራው ሲበዛ ምስሉ መቆም ጀመረ። አንዴ ይሠራል፣ አንዴ ይቆማል። ቀዶ ሐኪሟ በሽተኛ አስተኝታ ምስል ስትጠብቅ ሁለት ጊዜ ሥራዋን ሰርዛ ወጣች፤ ኮሪደሩ ላይ ወንድም ጋሼን ያለችውን እዚህ አልደግመውም። እሱ ምሳ መብላት ተወ። የራሱን ስዊቾች አንድ በአንድ ሲያገላብጥ ሰነበተ፣ የእኔን ግን አልነካውም። ለምን ስለው፣ አንቺ ፈርመሽበታል አለኝ። እንዲህ የሚያምን ሰው አያናድድም?

ሐሙስ በምሳ ሰዓት እሱ ለስብሰባ ተጠርቶ ሲወጣ ብቻዬን ቀረሁ። ልቤ አላርፍ ስላለኝ ስዊቼን ከፈትኩ። አርባ ሰባት ደህና ነው። አርባ ስምንት ላይ የሦስት ቁጥር ትእዛዝ አልገባም። የሚላከው ሁሉ ለሁለቱ ገመዶች ስለሚከፋፈል፣ ችግሩ ብቅ ጥልቅ ሲል የነበረው ለካ ለዚህ ነው። የተጣሉት ቁራጮች ብዛት ዓይኔ እያየ ይጨምራል። አንድ መስመር ጻፍኩ፣ ቁጥሩም ባለበት ቆመ። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ከተስተካከለ እሱም ይድናል፣ እኔም ቋሚ እሆናለሁ፣ ምን ቆርጦኝ ነው የምናገረው ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ቶሎቶሎ ከውጭ አንድ ባለሙያ ይዞ መጣ። ሰውየው በእጅ ባትሪ መደርደሪያውን ዞሮ አየ፣ የማቀዝቀዣውን አቧራ አራገፈ፣ ሁለት ገመድ ነቅሎ መልሶ ሰካና ሄደ። በማግስቱ ጠዋት ምስሉ አንዴም ሳይቆም ዋለ። ቶሎቶሎ ደረቱን ነፍቶ በየክፍሉ ዞረ። ወንድም ጋሼን ሦስት ሳምንት ያቃተውን ባለሙያው በአንድ ሰዓት አበጀው ተባለ። በአቧራ ማራገፍ! እኔ እዚያው ቆሜ እሰማለሁ።

ሰኞ ሦስት ሰዎች ለማጣራት ተቀመጡ፤ እኔም ተጠራሁ። ወንድም ጋሼ የስዊቾቹን መዝገብ አትሞ ይዞ ገባ። ማን፣ በስንት ሰዓት፣ ምን እንደጻፈ መስመር በመስመር የሚያሳይ ወረቀት ነው። ከጎኑ ስለተቀመጥኩ ይታየኛል፤ ሐሙስ፣ ምሳ ሰዓት፣ ፖርት አርባ ስምንት፣ የእኔ መለያ። በእርሳስ አስምሮበታል።

የመሃሉ ሰውዬ ወደ እኔ ዞረና፣ "የአዲሱን ሕንፃ ስዊች ስታስረክቢ ሁሉም ፖርት ተፈትሾ ነበር?" አለኝ።

ዓይኔን በጨው ታጥቤ "አዎ፣ ሁሉም" አልኩ።

ወንድም ጋሼ አላየኝም። ወረቀቱን ለሁለት አጠፈው፣ ከዚያ ለአራት አጠፈውና ኪሱ ከተተው። "ልክ ናት፣ ስትፈትሽ አጠገቧ ነበርኩ" አለ። አልነበረም። እዚያው የተቀመጠው ቶሎቶሎም ይህን ያውቃል፣ ግን አላጋለጠንም። ምስል ከተቋረጠ አሰናብቱኝ ያለውን ቃል አስታወሱትና በዚያው ሳምንት አሰናበቱት።

የምንኖረው ከእናታችን ጋር በአንድ ቤት ነው። እማዬ ያባረሩትን ሰዎች ስትረግም እኔም አብሬ እረግማለሁ፣ ከእሷም አስበልጬ። እሱ የሬዲዮኑን ድምፅ ከፍ ያደርጋል። አንድ ቀን ልነግረው ቆርጬ ክፍሉ ገባሁ። አፌን ሳልከፍት፣ "ቋሚ ሆንሽ አይደል?" አለኝ። አዎ አልኩት። "በቃ እንግዲህ" ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ። ነውረኛ መሆኔን እያወቅኩ ቀለል ብሎኝ ወጣሁ።

ከተባረረ በአምስተኛው ወር፣ በእሱ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ስልክ ጮኸ። የሌላ ሆስፒታል ሰው ነው። ወንድሜን ፈትነውታል፣ ወደውታል፣ ሊቀጥሩትም ነው። የቀረው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ እዚያ ምስሉ ይቆም የነበረው በእሱ ጥፋት ነበር ወይ? ክፍሉ ውስጥ ከእኔ ሌላ ማንም አልነበረም። አይደለም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ቀጥሎ ታዲያ የማን ነበር ብሎ እንደሚጠይቀኝ ግን ታየኝ።

"ወንድሜ ስለሆነ፣ ስለ እሱ መመስከር ይከብደኛል" አልኩት።

እሱም በትሕትና፣ ገባኝ እህቴ፣ ሌላው ቢሆን ለወንድሙ ሲል ይዋሽ ነበር ብሎ ስለ ሐቀኝነቴ አመሰገነኝ።