ገመዱ የተደበቀበት ቀን

እማሆይ አመተ ሥላሴ ያን ቀን ጧት ከሁሉ አስቀድመው ያደረጉት ገመዱን መደበቅ ነበር። ከመርጌታ ሐብተ ማርያም መኝታ ሥር አውጥተው ጠቀለሉና ባዶው ጋን ውስጥ ከተቱት፤ አፉንም በሰፌድ ከደኑት። ከዚያ በኋላ ነው ቤቱን የጠረጉት፣ እንስራውን ያጠቡት፣ የሽማግሌዎቹን ቁርበት አውጥተው ፀሐይ ላይ ያሰጡት።

ቤቱ ጎንደር ከተማ ዳር፣ ከደብሩ በታች ያለ የድንጋይ ቤት ነው። ወራሽ የሌላት አንዲት ሴት ስትሞት ለነፍሷ ብላ ትታው፣ እማሆይ ጧሪ ያጡ ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን ሰብስበው ይኖሩበት ነበር። ጣልያን ከወጣ ዐሥር ዓመት አልፎ፣ ደካሞች የሚጦሩበት ቤት ሁሉ በመንግሥት ተቆጣጣሪ ይመርመር ተባለ፤ ያን ቀን ተራው የእማሆይ ቤት ነበር። ንጽሕና የጎደለው ወይም ለነፍስ የሚያሰጋ ከሆነ ይዘጋል፤ ሰዎቹም ወደየዘመዳቸው ይመለሳሉ። መርጌታ ግን የሚመለሱበት ዘመድ የላቸውም። ከዚህ ቤት ከወጡ መውደቂያቸው የደብሩ በር ነው። እማሆይን እንቅልፍ የነሣቸው ይህ ነበር።

መርጌታ በጉልበታቸው ዘመን ብዙ ደቀ መዝሙር ያፈሩ የድጓ መምህር ነበሩ። አሁን ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ልባቸውም ድሮንና ዛሬን መለየት ትቷል። ደወል ሲሰሙ ግን ማሕሌቱ ያለ እሳቸው የሚጀመር ይመስላቸውና መቋሚያቸውን ይዘው ብድግ ይላሉ። በቤቱና በደብሩ መካከል ደግሞ ጣልያን ድንጋይ ሲያወጣበት ቆፍሮ የተወው ገደል አለ። ባለፈው ክረምት እማሆይ የደረሱባቸው ከገደሉ አፋፍ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ እግራቸውን በገመድ ያስሯቸው ጀመር።

ተቆጣጣሪው ረፋዱ ላይ መጣ። ፋንታሁን ይባላል፤ ቦርሳ ያንጠለጠለ፣ ጫማው አቧራ የለበሰ ወጣት ነው። እንስራውን ከፍቶ አየ። ሽንት ቤቱ ከምንጩ ምን ያህል እንደሚርቅ ጠየቀ። ምድጃው ከመኝታው መቅረቡን ግን አልወደደውም።

«ልጄ፣ ጥርሳችንንም ታያለህ እንዴ?» አሉ አያ ክንዱ። ልጆቻቸውን ቀብረው ብቻቸውን የቀሩ የማክሰኝት ገበሬ ናቸው። «እኛ አገር በሬ ሲገዛ እንዲህ ነው የሚታየው።»

ፋንታሁን ሣቀ። «ስንት ዓመትዎ ነው አያ?»

«ጥርሴን እየውና አንተው ንገረኛ። የማትገዛኝ ከሆነ ግን አትነካካኝ።»

«ዝም በሉ እስቲ!» አሉ እማሆይ፤ እሳቸውም ሣቅ አመለጣቸው።

ፋንታሁን በሩ ላይ ፀሐይ የሚሞቁትን መርጌታ ሊሳለም ጎንበስ ሲል ዓይኑ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ዐረፈ። ቆዳው ዙሪያውን ተልጧል።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ጫማ ነው የላጣቸው፣» አሉ እማሆይ ፈጠን ብለው።

አያ ክንዱ አቀረቀሩ። መርጌታ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጫማ አድርገው አያውቁም፤ ተረከዛቸውን ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ፋንታሁንም አየው።

«ያስሯቸዋል ማለት ነው፣» አለ ድምፁ ተለውጦ። «እማሆይ፣ ሰው የሚታሰርበትን ቤት ደኅና ነው ብዬ አልፈርምም።»

እማሆይ ተቆጣጣሪውን ተከትለው ወደ ውስጥ ገቡና ምድጃው አጠገብ ቆሙ። ይህን ጊዜ ደወሉ ተደወለ። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበርና ቅዳሴ የሚገባው ቀትር ላይ ነው። በጾም ደወሉ ሳይደወል የመርጌታን እጅ መያዝ የእማሆይ ልማድ ነበር፤ ያን ቀን ጭንቀቱ አስረሳቸው። ሁሉም ወደ ምሥራቅ ዞረው አማተቡ፤ ፋንታሁንም ባርኔጣውን አውልቆ አጎነበሰ። አቡነ ዘበሰማያት ብለው ሲጨርሱ በሩ ላይ ሰው የለም።

«መርጌታ!» ብለው ጮኹ እማሆይ።

ፋንታሁን ቦርሳውን ጥሎ ሮጠ። መርጌታ ዓይን ያለው ሰው እንኳ እንደዚያ በማይፈጥንበት አኳኋን ወደ ደወሉ ይገሠግሣሉ። ከገደሉ አፍ ላይ ጋቢያቸውን ጨብጦ ወደ ኋላ ሲስባቸው ሁለቱም ተያይዘው ወደቁ። መቋሚያው ከድንጋይ ድንጋይ እየተላተመ ቁልቁል ወረደ።

«አንተ ማነህ?» አሉ መርጌታ እንደ ተጋደሙ። «ደወል ሰምተህ ትተኛለህ?»

«ይቅር ይበሉኝ የኔታ፣» አለ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «በዙሪያው በኩል አብረን እንሄዳለን።»

አስቀድሰው ሲመለሱ እማሆይ ገመዱን ከጋኑ አውጥተው ይጠብቁ ነበር።

«በጾም አፌ ዋሸሁህ ልጄ። ይኸውልህ።»

አንደኛው ጫፍ በበግ ለምድ ተለብጧል። ሌላው ጫፍ ባዶውን ነው።

«ይህኛውስ?»

እማሆይ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። የእጃቸው አንጓ ከመርጌታ እግር ብሶ ተልጧል። «ሲነሡ እንድነቃ ነው።»

ፋንታሁን ገመዱን አገላበጠው። «እሳት ቢነሣስ እማሆይ? እርስዎን ጭሱ ቢያፍንዎት እሳቸውን ማን ይፈታቸዋል?»

እማሆይ ምድጃውን አዩ። ገደሉን እንጂ እሳትን አስበውት አያውቁም ነበር።

«አጥር ያስፈልጋል፣» አለ ፋንታሁን።

«በሩ ላይ ደግሞ የላም ቃጭል፣» አሉ አያ ክንዱ። «ጥጃ ሲወጣ የምንሰማው በዚያ አይደል?»

«ምነው አያ ክንዱ! መርጌታን ከጥጃ?»

«ጥጃስ ሲጠሩት ይመለሳል።»

ፋንታሁን ቦርሳውን ከፈተ። «ምድጃው ወደ ውጭ ይውጣ፤ አጥሩ ለፋሲካ ይድረስ። ያኔ መጥቼ አያለሁ። ቤቱ አይዘጋም። ገመዱን ግን እኔ ይዤው እሄዳለሁ።»

ሲመሽ እማሆይ ቁርበታቸውን በሩ ደፍ ላይ፣ የሚወጣ ሰው ሳይረግጣቸው በማያልፍበት ቦታ አነጠፉ። መርጌታ መኝታቸው ላይ ተቀምጠው እንደ ልማዳቸው እግራቸውን ዘርግተው ጠበቁ።

«ምነው ዘገየሽ?»

እማሆይ የመርጌታን እግር ጭናቸው ላይ አድርገው የተላጠውን ቦታ የኑግ ዘይት ቀቡት። «ከእንግዲህ አይታሰርም መርጌታ።»

«እንግዲያ አንቺን በምን አገኝሻለሁ?»

«በሩ ላይ ነኝ፣» አሉ እማሆይ።

መርጌታ እስኪያርፉም ድረስ የእማሆይ መኝታ እዚያው ነበር።