የዕረፍት ወንበር

ማሬቴ ነው የበደላት፣ የቤተ ክርስቲያኑ ዋና ሽማግሌ ማሬቴ ነው ንኪሮቴን የበደላት፣ ያውም እያመሰገነ፣ ያውም እያስጨበጨበ፣ ሰው ሲሰደብ መልስ አያጣም፣ ሲመሰገን ግን ምን ይላል፣ ባለፈው እሑድ ሕዝቡን አስነስቶ እማማችን ደክመዋል፣ የመባውን ሐራጅ መጥራት ለወጣቶች ትተው ከእንግዲህ ይረፉ፣ ይሄም ስጦታችን ነው ብሎ ያንን ቀይ ወንበር፣ ባለ መደገፊያውን፣ ላስቲኩ እንኳ ያልተላጠለትን፣ ከኋላዋ አምጥቶ ጉልበቷን ገፋ አደረጋት፣ ቁጭ። እሷም ቁጭ አለች። ምን ታድርግ፣ ጉልበት ከኋላ ሲገፋ ይታጠፋል።

ደክማለች? ማን ጠየቃት።

አሁን አምልኮው አልቋል፣ ሰው ወጥቶ ግራቪሊያው ዛፍ ጥላ ሥር ተኮልኩሏል፣ ገንዘብ ያጣ ሰው በገንዘብ ፈንታ ያመጣው መባ ጠረጴዛው ላይ ተደርድሮ ሐራጅ ይጠብቃል፣ ሙዙ፣ ጎደሬው ከነአፈሩ፣ እግሯ የታሰረ ዶሮ፣ ከዳር ደግሞ ያ ቀይ ወንበር። ጠዋት በሞተር አስጭናው መጣች፣ ባለሞተሩ፣ እማማ ቤት እየለቀቁ ነው እንዴ ቢላት፣ ቤትስ አይደለም ልጄ፣ መቃብር ነው የምለቀው፣ ከት ብሎ ሳቀ፣ ይሳቅ፣ እሷ አልቀለደችም።

ሳምንቱን ሙሉ ያ ወንበር ከቤቷ መሃል ተገትሮ ሲያያት ከረመ፣ የተቀመጠችበት ማክሰኞ ብቻ ነው፣ ይመቻል፣ ውሸት ምን ያደርጋል፣ ይመቻል፣ ወገቧን እቅፍ አርጎ ያዛት፣ እንቅልፍ ወሰዳት፣ ስትነቃ ፀሐይ ዞራለች፣ የታመመችው ጎረቤቷ ሳትጠየቅ፣ ፍየሏ ውኃ ሳትጠጣ፣ ጸሎቷ ሳይደርስ። ያኔ ነው የፈራችው። ሰው ሞት በጦር የሚመጣ ይመስለዋል፣ በትራስ ነው እኮ የሚመጣው።

ተንበረከከች፣ ጌታዬ ይሄ ዕረፍት የሚነሳኝ ነገር ያንተ ጸጋ ነው ወይስ የኔ ትዕቢት፣ የናፈቀኝ አንተን ማገልገል ነው ወይስ ምላሴ፣ ሕዝቡ ሲስቅልኝ ደስ ይለኝ የለ፣ ይለኛል፣ እንግዲህ አንተው ታውቃለህ። መጽሐፍ ቅዱሷን ገለጠች። በመጽሐፉ ያ ሰማንያ አምስት ዓመት የሞላው ሽማግሌ ግን ርስት ስጡኝ ሲል ተራራ ነው የጠየቀው፣ ወንበር የጠየቀበትን ቦታ ፈልጋ አጣች፣ መነጽሯን ወልውላ ደግማ ፈለገች፣ የለም።

አንድ ሁለት፣ ይሰማል? የማሬቴ ልጅ ሙቱማ ነው፣ አዲሱ ሐራጅ ጠሪ፣ ናይሮቢ ተምሮ የመጣው፣ ማይኩን እፍ እፍ ይላል። ጎደሬ ለመሸጥ ማይክ። የእሷ ድምፅ ያለ ኤሌክትሪክ ወንዝ ይሻገር ነበር፣ ባሏ በሕይወት ሳለ፣ አንቺ እኔን ስትቆጪ ማዶ ያለው ሰው ይቅርታ ይለኛል ይላት ነበር።

እንቁላሌን አየሽልኝ? አብራት ያረጀችው ካናና ናት፣ ምርኩዟ ላይ ተንጠልጥላ፣ የትኛውን ብትላት፣ አንድ ነው ያለኝ እቴ፣ ዶሮዬ ሳምንቱን እሱን ብቻ ነው የጣለችልኝ፣ በሙዝ ቅጠል ጠቅልዬ ነው ያመጣሁት፣ በጎኑ ጥቁር ነጥብ አለው። አየችው። ሙቱማ ከቅጠሉ ፈቶ ትልቁ ሳፋ ውስጥ ከሌላው ሰው እንቁላል ጋር ቀላቀለው፣ ጎደሬውን ባንድ ጆንያ፣ ሙዙን ባንድ ክምር አድርጎ፣ ወገኖች ጊዜ ለመቆጠብ ዛሬ በጅምላ ነው የምንሸጠው፣ ከሜሩ ከተማ የመጣው ነጋዴ መኪናውን አስነስቶ እየጠበቀን ነው አለ።

በጅምላ!

ካናና የተጣለውን ቅጠል ከመሬት አንስታ አጣጠፈችው።

የጸሎቷ መልስ ይሄው። ንኪሮቴ ሐራጅ ስትጠራ እያንዳንዱን መባ በባለቤቱ ስም ነበር የምታነሳው፣ የእገሊት ዶሮ፣ የእገሌ ጎደሬ፣ አንዱ ይገዛል፣ ገዝቶም ለጌታ መልሻለሁ ይላል፣ እንደገና ይሸጣል፣ አንድ እንቁላል ከእጅ እጅ ሲዞር በሬ አክሎ ይወጣል፣ ሰጪዋም አንገቷን ቀና አድርጋ ቤቷ ትገባለች። ሥራዋ ያ ነው፣ ምላስ አይደለም። ትዕቢትም ከኖረበት ይኑር፣ እንክርዳዱን ጌታ ይልቀመው፣ ስንዴው ግን ማሳ ላይ አይረግፍም፣ እሷ በቁሟ እያለች አይረግፍም።

መጀመሪያ ትልቁን ዕቃ እንሽጥ ይላል ሙቱማ፣ ዞር ሲል ይደነግጣል፣ ይሄ... ይሄ የእማማ ወንበር አይደል እንዴ፣ በስህተት ነው የመጣው? ምን በስህተት የኔ ልጅ፣ መባ ነው፣ ሽጠው። ማንም ዋጋ አይጀምርም፣ የአሮጊት ስጦታ ላይ ማን ደፍሮ ይቀመጣል። ማሬቴ ጠጋ ብሎ በጆሮዋ፣ በልጇ ስም ጠርቶ፣ የምዊቲ እናት፣ ስጦታ ይመለሳል እንዴ፣ ሰው ፊት አያዋርዱኝ እንጂ። እኔ ላንተ መች መለስኩ፣ ለጌታ ሰጠሁ፣ ካዘንክለት ግዛው።

ትነሳለች። ጉልበቷ ቀጭ ይላል፣ ይበል። ሙቱማ ማይኩን ሲዘረጋላት፣ ያዘው ልጄ፣ እጅህ እንዳይበርድህ።

ወገኖቼ! ማዶ ውሻ ይጮኻል። ይሄ ወንበር ሥራውን ለጨረሰ ሰው የተሠራ ነው፣ ሥራ የጨረሰ አለ? ሳቅ። አንተ ኪሪሚ፣ ስብከት ላይ የምታንኮራፋው፣ አልጋህን ይዤልህ መጣሁ! እማማ ምነው፣ ዓይኔን ጨፍኜ እየጸለይኩ እኮ ነው! በአፍንጫህ ነው እንዴ የምትጸልየው? ሰው በሳቅ እርስ በርሱ ይደጋገፋል፣ ሺህ ሺሊንግ ይላል ኪሪሚ፣ በሺህማ እግሩን ብቻ ነው የምትወስደው፣ መደገፊያውን ለማን ልተወው? ዓይን ሁሉ ወደ ማሬቴ ይዞራል፣ ማሬቴ ግንባሩን ይጠርጋል፣ ሦስት ሺህ። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ የማሬቴ!

አለቀ። አላለቀም፣ ማሬቴ እጁን ያነሳል፣ ያ ፈገግታው፣ ወገኖች፣ የገዛነውን ለወደድነው ሰው መስጠት ልማዳችን ነው፣ ይሄንንም ለእማማችን መልሼ ሰጥቻለሁ፣ ይቀመጡ እማማ፣ ይረፉ። እልልታ፣ ወንበሩ እንደገና ከኋላዋ፣ ጉልበቷን ይነካታል፣ ቀዩ ጨርቅ፣ ማክሰኞ፣ የዞረችው ፀሐይ፣ ስጦታ እምቢ አይባል ነገር፣ ልማድ ነው፣ ልማዱ ደግሞ፣ ቆይ፣ ልማዱ ለማሬቴ ብቻ ነው እንዴ፣ ካናና እዚያ ቆማለች፣ ቅጠሏን ጨብጣ፣ የሚያማትን እግሯን በምርኩዟ አሳርፋ።

ጉልበቷ አይታጠፍም። ወደ ሳፋው ጎንበስ ብላ ጥቁር ነጥብ ያለበትን እንቁላል ትፈልጋለች፣ ታገኘዋለች፣ ሰው ሁሉ እንዲያየው ከፍ አድርጋ ትይዘዋለች፣

«እግዚአብሔር ይስጥህ ማሬቴ፣ ተቀብያለሁ። ካናና፣ ነይ ቁጭ በይበት፣ እግርሽን የሚያምሽ አንቺ ነሽ፣ እኔ ቆሜያለሁ። ወገኖቼ፣ ይሄ የካናና እንቁላል ነው፣ ማነው የሚጀምር?»