የእንቅልፍ ከረሜላ

ኤዶም ማታ አልተኛም ማለት ከጀመረች ሰነበተች። እናቷ ተረፈች ደግሞ ሰበታ ባለ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የማታ ፈረቃ ሠራተኛ ናት፤ ልጅ ሳይተኛ ከቤት መውጣት የለም። የማታ ፈረቃ እናቶች ደንባቸው ይኸው ነው፦ ልጅን ማስተኛት፣ ጫማን በእጅ መያዝ፣ ሹልክ ማለት። ደህና ዋይ፣ ደህና እደሪ የለ። ማን ለቅሶ ይጠራል?

ዘዴው ፉሪ በተከራየችው ቤት ደህና ሲሠራ ቆይቶ ነበር። የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ ተነስቶ፣ መንገድ በድንጋይ መዘጋት፣ ጥይት መጮህ ሲጀምር ግን የአራት ዓመቷ ልጅ ዓይኗን አፍጥጣ ትቀመጥ ጀመር። በዚሁ ጣጣ ተረፈች ሁለቴ ሰርቪስ አመለጣት። አለቃዋም፣ «ከእንግዲህ ካመለጠሽ እዚያው ቅሪ» አላት። ኧረ ቀላል ነው ለእሱ! የልጅቷ አባት እንደሆነ ሥራ ፍለጋ ብሎ ከወጣ ወሬው የለም፤ ከሆሳዕና የመጣች ሴት እዚህ ምን ዘመድ አላት?

ማታ ማታ ልጅቷን የሚያዩላት አከራይዋ አዴ ደራርቱ ናቸው። አንድ ጠዋት ተረፈች ከሥራ ስትገባ በር ላይ ጠበቋት።

«አካም ቡልቴ፣ ልጄ? ዛሬም አላረፈችልሽም አይደል?»

«ጌታ ይመስገን፣ አዴ። ምን እረፍት አለ ብለው ነው።»

አዴ ደራርቱ ጅዳ ያለችው ልጃቸው የላከችላቸውን ብልቃጥ አወጡ። ውስጡ በድብ ቅርጽ የተሠራ ቀይ ከረሜላ ነው። «የእንቅልፍ ነው፤ ለልጅም ይሆናል ብላኛለች።»

«እርስዎን አስተኛዎት?»

«የእኔ እንቅልፍ ያለው ልጄ ዲሪባ የታሰረበት ነው። በከረሜላ አይፈታ» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

ተረፈች ብልቃጡን አገላብጣ አየች፤ ጽሑፉን ማንበብ አልቻለችም። ስለፈራች መለሰችላቸው። የሥራ ባልደረባዋ ገለቴ የሰጠቻትን የጉንፋን ሽሮፕ ግን አመነችው፤ ከመድኃኒት ቤት የወጣ ነዋ! «ሁላችንም እንሰጣለን፣ ጭጭ ነው የሚያደርጋቸው» ብላታለች ገለቴ። በዚያው ምሽት አጠጣቻት። ኤዶም ተኛች፤ ሰርቪሱም ተደረሰበት።

በማግስቱ ስትመለስ ልጅቷ እንደተኛች ናት። ጠራቻት፤ አልሰማችም። ብድግ ስታደርጋት ራሷ ወደ ኋላ ተንጠለጠለ።

«ኢየሱስ! ኢየሱስ! ልጄ!»

አዴ ደራርቱ እየሮጡ መጡ፤ ሲያዩዋት ራሳቸውን ያዙ። «ቃዥታ ተነሥታ ነበር። እኔ ነኝ ጉደኛዋ፣ ከረሜላውን ሰጠኋት!»

ተረፈች የምትቆጣበት ጊዜ አልነበራትም። ልጇን አዝላ፣ ሽሮፑንና ብልቃጡን በፌስታል ይዛ፣ ወደ ጤና ጣቢያው ሮጠች። የጤና መኮንኑ ደገፋ የልጅቷን ትንፋሽና የልብ ምት አየ፣ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ረፋዱ ላይ ኤዶም ዓይኗን ገልጣ ውኃ ጠየቀች።

«ሽሮፑ የጉንፋን ነው፤ ማደንዘዙ ጉዳቱ እንጂ ጥቅሙ አይደለም» አላት ደገፋ። «ከረሜላውም ያለ ሐኪም ለልጅ አይሰጥም። ውስጡ ያለው መጠን ከተጻፈው ላይገጥም ይችላል። ሁለቱ ሲደራረቡ ደግሞ ትንፋሽ ሊያጥር ይችላል።»

«ታዲያ ደህናው የቱ ነው? እሱን ንገረኝ፣ ከየትም ብዬ እገዛለሁ!»

ደገፋ ጠየቃት። «ሥራ በማትገቢበት ቀንስ ትተኛለች?»

ተረፈች አሰበች። እሑድ እሑድ ቸርች፣ ድምፅ ማጉያው ሥር፣ ዝማሬው ጣራ ሲነቅል ኤዶም ጭኗ ላይ ድብን ብላ ነው የምትተኛው።

«ትተኛለች» አለች፣ ድምፅዋን ቀንሳ።

«እንግዲያው ለእሷ የሚገዛ መድኃኒት የለኝም። እስቲ ራሷን ጠይቂያት።»

ወደ ቤት ሲመለሱ ጠየቀቻት። ኤዶም ጀርባዋ ላይ ሆና መለሰች፤ «ስተኛ ትጠፊያለሽ። ቶክስ ሲሆን ነቅቼ ፈልጌሽ የለሽም።»

ስንት ማታ ነው እንደ ሌባ ከገዛ ልጇ የተደበቀችው!

የዚያን ቀን ምሽት ጫማዋን ልጅቷ ፊት አሰረች። «ሥራ ልሄድ ነው። አዴ አጠገብሽ አሉ። ጠዋት እመጣለሁ።»

«መንገዱ ቢዘጋስ?»

አይዘጋም ለማለት አፏን ከፈተችና ተወችው። «በእግሬ እመጣለሁ።»

ኤዶም ጩኸቷን አቀለጠችው። አዴ ደራርቱ አቀፏት። ተረፈች በፊት ለፊቱ በር፣ እየታየች ወጣች፤ ለቅሶው ሰርቪሱ ድረስ ተከተላት።

ጠዋት ሰርቪሱ ሲመልሳቸው ዓለም ገና ላይ መንገዱ በድንጋይና በሚነድ ጎማ ተዘግቷል። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ፤ ሠራተኛው ወንበሩ ላይ እንዳለ አንቀላፋ። ተረፈች ወረደች። ሌሊቱን ሙሉ ቆማ ያደረችበት እግሯ አብጦ ጫማው አልይዝ ብሏታል፤ እየተሳደበችም እየጸለየችም በውስጥ ለውስጥ መንገድ አዘገመች።

ፉሪ ስትደርስ ፀሐይ አናት ላይ ወጥታለች። አዴ ደራርቱና ኤዶም ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለዋል። «አልቅሳ አልቅሳ ተኛች» አሉ አዴ። «ሲነጋ ተነሥታ ከዚህ አልነቃነቅ አለች።»

ልጅቷ የእናቷን አቧራ የለበሰ እግር አየች። «በእግርሽ መጣሽ?»

«በእግሬ።»

ኤዶም ትንሽ አሰበች። «እሺ፣ ዛሬም ሂጂ» አለቻት።

ተረፈች እዚያው አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ አለችና አለቀሰች።