የጨፋ የጭራ ቆጠራ

በ2004 ዓ.ም. ጥር መግቢያ ላይ ከሚሴ ላለች አንዲት ትንሽ የዞን ኢነርጂ ቢሮ አንድ ቅጽ ደረሰ። የተነሣው ከአዲስ አበባ ነው። ከአዲስ አበባ የተነሣ ሰው በዚያው ቀን ከሚሴ ይገባል፤ ቅጹ ግን ደንቡን ጠብቆ በባሕር ዳር ዞሮ፣ አገር አካልሎ፣ በሦስተኛው ሳምንት ገባ። አገሪቱ እንጨትና ነዳጅ ማንደዱን ደረጃ በደረጃ ትታ፣ ወደ አየር የምትለቀውን ካርቦን ዜሮ ልታደርግ አቅዳለች። ከእንግዲህ የሚኖረው በፀሐይ፣ በነፋስ፣ በውኃና በእበት ነው። ፀሐዩ፣ ነፋሱና ውኃው ለሌላ ለሌላው ተከፋፍሎ፣ ለከሚሴ የደረሳት እበቱ ነበር።

ቅጹ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ባዮጋዝ ሊተከልላቸው የሚችሉ ቤቶች ስንት ናቸው? እበትና ውኃ በጥብጠው በሲሚንቶ በታነጸ ጉድጓድ ውስጥ ሲያከማቹት ጋዝ ይወጣዋል፤ ጋዙ በቧንቧ ማድቤት ገብቶ ይነዳል። አራት ከብትና ከዚያ በላይ ያለው ቤት «ዝግጁ» ይባላል። ከአራት በታች ያለው «ዝግጁ አይደለም» ነው። በሁለቱ መሐል ሌላ ሣጥን የለም።

ሥራው የወደቀው በሪሀና ላይ ነው። ሪሀና የቢሮው ብቸኛ ባለሙያ ናት። ከሚሴ ተወልዳ አድጋ፣ ዩኒቨርሲቲ ደርሳ የተመለሰች የሃያ ስምንት ዓመት ሴት፤ የእናቷ ዘመዶች ደግሞ ከከተማው ዳር የተንጣለለው የጨፋ ሜዳ ሰዎች ናቸው። አለቃዋ አቶ ባንተይርጋ ቅጹን ሲሰጧት «አንቺ የአገሩ ልጅ ነሽ፤ አይከብድሽም» አሏት። የከበዳት ግን የአገሩ ልጅ በመሆኗ ነበር።

በጨፋ ሰውን «ስንት ከብት አለህ?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። የጠየቀ ሰው ወይ ዓይኑ ክፉ ነው፣ ወይ አሳዳጊ የበደለው ነው። መልሱም ቢሆን «አልሐምዱሊላህ፣ አላህ የሰጠን አለ» ከማለት አያልፍም። ከሌላ አገር የመጣ ባለሙያ ቢሆን ዓይኑን በጨው አጥቦ ይጠይቅ ነበር። ሪሀና ግን እናቷ በሥርዓት ያሳደገቻት ልጅ ስለሆነች ዘዴ ፈጠረች። ከብቱ ለግጦሽ ሳይወጣ በማለዳ ትደርሳለች፤ ሰላምታውን አስረዝማ ትለዋወጣለች፤ ዓይኗን በአጥሩ ላይ አሳልፋ ጭራ ትቆጥራለች። ማንንም ሳታስቀይም፣ ማንም ሳይጠረጥራት፣ በሃያ ስድስት ቀን ከየቀበሌው የተመረጡትን የጨፋ ቤቶች ጨረሰች።

የአብዶ ቤት ከአስፋልቱ የአንድ ሰዓት መንገድ ገባ ይላል። አብዶ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ገበሬ ናቸው፤ የሪሀና እናት የሩቅ ዘመድ ይሆናሉ። ባለቤታቸው ዘሊካ ከማድቤት የወጡት በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ ነው። ጭሱ ዓይናቸውን አቅልቶ፣ ደረታቸውን ይዞ ዓመታት ሆኖታል።

«አካም ቡልቴ ያ ሪሀና? እናትሽ ደኅና ናት?» አሉ አብዶ።

«ደኅና ናት ጋሽ አብዶ፣ አልሐምዱሊላህ። አንቱስ እንዴት አደሩ?»

ሰላምታው እስኪያልቅ ሪሀና አሥራ አንድ ጭራ ቆጥራ ነበር። ወጥታ ስትሄድ አብዶ እንደ ሁልጊዜያቸው እስከ አስፋልቱ ሸኟት። ያን ያህል መንገድ አይድከሙ ብትላቸውም እንግዳ የሸኘ ከደጃፍ አይመለስም ብለው እምቢ አሉ።

በቀበሌዎቹ ቤቶች ብዛት ሲሰላ ድምሩ ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ዝግጁ ቤት መጣ። አቶ ባንተይርጋ ወረቀቱን ሁለቴ አነበቡት። ሠላሳ ዓመት በመንግሥት ሥራ ሲኖሩ ቁጥር ሲያስመሰግናቸው የመጀመሪያቸው ነው። ዞኑ በእበት ከክልሉ አንደኛ ወጣ፤ ቁጥሩም በአገር አቀፉ ረቂቅ ዕቅድ ሠንጠረዥ ውስጥ በደማቁ ታትሞ መጣ። ሪሀና ያቺን ገጽ ኮፒ አድርጋ ከጠረጴዛዋ መስታወት ሥር አኖረቻት። ኮርታ ነበር፤ መኩራትም ይገባት ነበር።

ለሞዴልነት የአብዶ ቤት ተመረጠ። አብዶ ማሽላ የሚቀብሩበትን የድሮ ጉድጓድ «አስፉትና ሥሩት» ብለው ለቀቁ። በግንቦት ባለሥልጣናቱ መጥተው ተመረቀ። ዘሊካ ክብሪት ጫሩ፤ ሰማያዊ እሳት ሽው ብሎ ተያያዘ። እጃቸውን ወደ እሳቱ ዘርግተው ትንሽ ቆዩና ለሪሀና ብቻ በሚሰማ ድምፅ «ይኼ እሳት አያስለቅስም እኮ» አሏት። ከምርቃቱ ንግግር ሁሉ ሪሀና ልብ ያለችው ይችን ነው።

ክረምቱ ገባ። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ሪሀና ሞዴሉን ቤት ለማየት በጭቃ ስትመጣ፣ ከሩቅ ያየችው በማድቤቱ ክዳን ላይ የተኛ የእንጨት ጭስ ነበር። በረት ውስጥ ሁለት በሬና አንዲት ላም ቆመዋል።

«ጋሽ አብዶ፣ ሌሎቹስ የት ሄዱ?»

«ወደ አገራቸው ነዋ። የአፋሩ ወዳጄ ሁመድ መጥቶ ነዳቸው። ዝናብ ከጣለ ምን ያደርጋሉ እዚህ? ዝንቡ ይጨርሳቸዋል።»

ሪሀና ያኔ ገባት። ነገሩን የማያውቅ የከሚሴ ልጅ የለም። በበጋ ቆላው ሲደርቅ የአፋር ከብት ወደ ጨፋ ይወጣል፤ ሣሩ እዚያ ነው። እያንዳንዱ ባለከብት ከአባቱ የወረሰው ወዳጅ አለው፤ ከብቱን በወዳጁ በረት ያሳድራል። ዝናብ ሲጥል፣ ጨፋ ረግረግ ሲሆንና ቆላው ሲለመልም፣ ከብቱ ይመለሳል። ሪሀና በልጅነቷ መንጋው አስፋልት ሲያቋርጥ፣ አውቶቡሶች ተሰልፈው ጡሩምባ ሲነፉ እያየች ነው ትምህርት ቤት የሄደችው። ታውቀዋለች፤ ነገር ግን የምታውቀው እንደ ኑሮ እንጂ እንደ ቅጽ አልነበረም። የቆጠረችው የአፋርን ከብት ነው፤ ያውም በጥር።

«ምነው ታዲያ ያኔ አልነገሩኝም?» አለች።

«ምኑን?»

«የእርስዎ እንዳልሆኑ።»

አብዶ አዩዋት። «ያ ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ፣ አደራ የተቀበልኩትን ከብት የኔ አይደለም ልበል? ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ሰው አደራውን ጥሏል ማለት ነው። አንቺስ መች ጠየቅሽኝ?»

አልጠየቀችም፤ ስለ ጨዋነት ስትል። እሳቸውም አልተናገሩም፤ ስለ ጨዋነት ሲሉ። በሁለት ጨዋዎች መሐል አገር አቀፍ ዕቅድ ተበላሸ።

በማግስቱ ሪሀና አለቃዋ ዘንድ ገብታ ሁሉንም ተናገረች። አቶ ባንተይርጋ ሰሟትና ቅጹን ከፋይል አወጡት።

«‹በየትኛው ወር› የሚል ጥያቄ አለበት?»

«የለበትም።»

«እንግዲያው አልተሳሳትሽም።»

«አቶ ባንተይርጋ፣ በዚህ ቁጥር ሦስት ሺህ ጉድጓድ ይቆፈራል። ሲሚንቶ ይፈሳል። ሴቶቹ ምድጃቸውን ያፈርሳሉ። ሐምሌ ሲመጣ ግን እበት የለም። እትዬ ዘሊካን አይቻቸው ነው የመጣሁት፤ ተመልሰው ጭስ ውስጥ ናቸው።»

አቶ ባንተይርጋ ክፉ ሰው አይደሉም። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «የመጨረሻው ረቂቅ ነሐሴ አሥራ አምስት ይዘጋል። እርማት የሚቀበሉት በማስረጃ ነው። አርባ ቤት፤ ባለቤቱ ‹የኔ የራሴ ይኸን ያህል ነው› ብሎ በአንደበቱ የተናገረበት፣ የፈረመበት። አጥር ለአጥር የተቆጠረ አይሆንም። ደግሞ ሞዴሉ ቤት ከአርባዎቹ አንዱ ካልሆነ ማንም አያነብልሽም።» መነጽራቸውን መለሱ። «ጭቃውን ከቻልሽው ሂጂ። እኔ አላየሁም አልሰማሁም።»

ሪሀና ሄደች። ቦቲ ጫማ አድርጋ፣ ቅጹን በፌስታል ጠቅልላ፣ ባጃጅ እስከሚገባበት በባጃጅ፣ ከዚያ ወዲያ በእግሯ። በየቤቱ እየገባች ያንን የማይጠየቀውን ጠየቀች። «ከነዚህ ውስጥ የእርስዎ የራስዎ ስንቶቹ ናቸው?» አንዳንዱ ሳቀ። አንዳንዱ ተናግሮ ፈረመና ሁለተኛ ቀና ብሎ አላያትም። አሻ የሚባሉ አሮጊት ጥያቄውን እስከ መጨረሻው ሰምተው «የማን ልጅ ነሽ?» አሏት። በዚያ አገር ይህ የዘር ጥያቄ አይደለም፤ ስድብ ነው። የእናቷን ስም ስትናገር አሮጊቷ ከንፈራቸውን መጠጡ። ሪሀና መንገድ ላይ ወጥታ አለቀሰች፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ቤት ሄደች።

ሠላሳ ዘጠኝ ቤት ሞላ። ዝግጁ ሆነው የተገኙት ዘጠኝ ናቸው። የቀረው የአብዶ ቤት ብቻ ነበር፤ ሆን ብላ ነው ወደ መጨረሻ የገፋችው። ሦስት ከብት እንዳላቸው በዓይኗ አይታለች፤ ስለዚህ ነገሩ ያን ያህል አያስቸግርም ብላ ራሷን አጽናናች።

ነሐሴ አሥራ ሁለት ቀን ከሰዓት በፊት ደረሰች። በማድቤቱ ክዳን ላይ ጭስ የለም። ዘሊካ ከበር ላይ ተቀብለው እጇን ይዘው ወደ ውስጥ ሳቧት። ሰማያዊው እሳት ጀበናም ድስትም ሳይሆን አንዲት የሻይ ማንቆርቆሪያ ተጥዳበት ሽው ይላል።

«ተመለሰ!» አሉ ዘሊካ። «አየሽው?»

በረት ውስጥ ሦስቱ ከብቶች አሉ። ከጎናቸው ሁለት ቀንዳም የቆላ ላሞች በጭራቸው ዝንብ ያባርራሉ።

ነገሩን የተናገሩት አብዶ ናቸው፤ ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም። ሰንበቴ ገበያ ላይ ሁመድን አግኝተውት፣ በወሬ በወሬ የዘሊካ እሳት መጥፋቱን አነሡበት። በአራተኛው ቀን ልጁ ሁለት ላም እየነዳ ደጃፋቸው ቆመ፤ «አባቴ የወንድሜ ቤት እሳት አይጠፋም ብሏል» አለ። በዚህ ዝንብ፣ በዚህ ረግረግ፣ የሚታለቡ ላሞች። አብዶ በየማታው ጨርቅ አርሰው ገላቸውን ይጠርጉላቸዋል።

«እና አሁን ጻፊን» አሉ አብዶ። «የሞዴሉ ቤት እሳት በክረምትም ይነዳል ብለሽ ጻፊ። አምስት ናቸው፤ ቁጠሪያቸው። ለአንቺ ስል ነው፤ ከሌላ ሰው ጋር ቁጥር አላወራም።»

ሪሀና ሻዩን ይዛ ቆየች። አምስት ብላ ብትጽፍ ዝግጁ ነው። ውሸትም አይደለም፤ አምስት ጭራ አለ፤ እሳቱም ይነዳል። ግን የሠላሳ ዘጠኙን ቤት አፍ አስከፍታ የጠየቀችውን ይህን አንዱን ቤት ሳትጠይቅ ብታልፍ፣ ወረቀቱ ሁሉ እንደ ጥር ወሩ ወረቀት በአጥር ላይ የተቆጠረ ይሆናል። ሁመድ ደግሞ የጨፋን የሦስት ሺህ ቤት እሳት አያነድም።

«ጋሽ አብዶ» አለች። «ከነዚህ ውስጥ የእርስዎ የራስዎ ስንቶቹ ናቸው?»

ዘሊካ ማንቆርቆሪያውን ከእሳቱ አወረዱ።

«አየሻቸው እኮ» አሉ አብዶ።

«አይቻለሁ። በአፍዎ ካልነገሩኝ አይሆንም።»

«ከብቶቹ ፊት?»

«እዚሁ ይንገሩኝ።»

አብዶ ወደ በረቱ አዩ። «ሁለቱ የሁመድ ናቸው» አሉ። «የኔ አይደሉም።»

ሪሀና የማኅተም ቀለሙን ከፍታ አቀረበች። አውራ ጣታቸውን ነክረው ጫኑበት። ከአሻራው በላይ «ሦስት» ብላ ጻፈች፤ «ዝግጁ አይደለም» በሚለው ሣጥን ውስጥ ምልክት አደረገች። እሳቱ ከጎኗ ይነዳል። ልታስረዳቸው ፈለገች። ይህ ወረቀት ስንት ከንቱ ጉድጓድ እንደሚያድን፣ ስንት ሴት ምድጃዋን ከማፍረስ እንደሚያስጥል ልትነግራቸው አፏን ከፈተች፤ ነገር ግን እሳቸው ሁሉም ገብቷቸው እንደነበር ከፊታቸው ላይ አየች። የገባቸውና ያስቀየማቸው ለየብቻ ነው።

«አላህ ያግዝሽ» አሉ፤ ከልባቸው ነው።

ተነሥታ ወጣች። ዘሊካ በሩ ድረስ መጥተው ትከሻዋን ነካ አደረጓት። አብዶ አልተከተሏትም። ከጓሮ እፍኝ ሣር ነጭተው በረት ገቡና የጣታቸውን ቀለም በሣሩ ይጠርጉ ጀመር። ከጠረጉ በኋላም እጃቸውን በአንዷ የሁመድ ላም ጀርባ ላይ አሳርፈው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቆሙ። ሪሀና አጥሩ ጋ ትንሽ ጠበቀቻቸው። ከዚያ ቅጹን በፌስታሉ ጠቅልላ እስከ አስፋልቱ ያለውን መንገድ ብቻዋን ሄደችው።