አርባ አንድ ሰው በአንድ ክፍል

«ሁለት መቶ ሰው ነበር!» አለ ልብስ ሰፊው፣ ለሦስተኛ ጊዜ ከወንበሩ ብድግ ብሎ። «ሁለት መቶ! የዚህችን ሳሎን ግማሽ በማታክል ክፍል!»

ለቀስተኛው ከንፈሩን መጠጠ። ዓለም ተገልብጦ የመጣ ነው የሚመስለው፤ በር ላይ የወለቀው ጫማ ብቻ አንድ ክፍለ ጦር ያጫማል። ሟቿ የልብስ ሰፊው ታላቅ እህት ናት። ሃያ ዓመት ሙሉ ለመብት ኮሚቴ የእስረኞችን አያያዝ ስትቆጣጠር ኖራ፣ ከትናንት በስቲያ ልቧ ቀጥ አለ። እሷን ሲያይ የወህኒ በር በራሱ ይከፈት ነበር ይባልላታል።

ጥግ የተቀመጠው የድንበር ኬላ አዛዥ ሻዩን አማሰለ። «ነፍስ ይማር። ትናንት ግን ሰማንያ ነው ያልከኝ፣ ወንድሜ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ለኮሚቴውም እንዲሁ ንገርልኝ። እንዳትቀንስ አደራ!»

ልብስ ሰፊው መስኮቱ ጋ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ተቀመጠ፣ ተነሳ።

ባለፈው ሳምንት ነው። የእስረኞች ቆጠራ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ እህቱ ረዳቷ ታሞባት እሱን ይዛው ወደ አዛዡ ኬላ ማቆያ ሄደች። የስፌት ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ገባ። ክፍሉ አራት ሜትር በሦስት። ግማሾቹ እስረኞች እንዲተኙ ግማሾቹ ይቆማሉ።

«ስልሳ ብለሽ ጻፊ፤ ይደንግጡ!» አላት።

«አንተ ልጅ፣ አንድ ሰው ብትጨምር አርባ አንዱንም ውሸት ነው ይሉኛል። እንደገና ቁጠር።»

ቆጠረ። ሊወጣ ሲል በሩ ጋ የቆሙ ሽማግሌ እጅጌውን ያዙት። «እኔንስ ቆጠርከኝ?»

«ቆጥሬዎታለሁ፣ አባባ።»

የኮሚቴው ጠበቃ ማኅደር ታቅፋ ለቅሶ ቤቱ ገባች። «ይቅርታ፣ በሐዘን ቀን ነው። ሪፖርቱ ዛሬ ይገባል፤ አንተ ካልፈረምክ ቆጠራው ዋጋ የለውም። ስንት ነበሩ?»

አዛዡ ፈገግ ብሎ ጠበቀ። ልብስ ሰፊው አፉን ሲከፍት አንድ ሺህ ሰው ምላሱ ላይ ተንጋግቶ ደረሰ። ምራቁን ዋጠ።

«አርባ አንድ።»

«ሁለት መቶ አላልክም እንዴ አሁን?» አለ አዛዡ።

«ቀባጥሬ ነው! እዚህ ያለው ሁሉ ይመስክርብኝ፣ ቀባጥሬአለሁ። በሩ ጋ ከቆሙት አባባ ጋር አርባ አንድ።»

ፈረመ። አዛዡ ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ።

አንዲት ጎረቤት ትሪ ይዛ ብቅ አለች። «ስንት ብርጭቆ ላምጣ?»

ሌላ ቀን ቢሆን «በርሜል አምጪ!» ይላት ነበር። አሁን ጣቱን አንስቶ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ ሰዉን አንድ በአንድ መቁጠር ያዘ። እህቱ ትቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ ሲደርስ ጣቱ ቀጥ አለ።

ቆየና፣ እንደገና ከአንድ ጀመረ።