ሲረገጥ የሚጮኸው ጫማ

አክስቴ አበበች ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ የሚፈሩት እግራቸውን ሳይሆን ጫማቸውን ነው።

ሆስፒታል ብረት አስገብተው ከጠገኗቸው በኋላ ፈረንጇ የእግር ሐኪም ከአገሯ ያመጣችውን መሣሪያ አዋሰቻቸው። ሸራ ጫማቸው ውስጥ የሚነጠፍ ስስ ገበር ነው፤ ከገበሩ ሽቦ ይወጣል፤ ሽቦው ወገብ ላይ ከሚታሰር፣ ባኮ ክብሪት ከሚያህል ሳጥን ጋር ይገናኛል። የተሰበረውን እግር ደህና አድርገው ከረገጡት ሳጥኑ «ጢጥ» ይላል።

«ጢጥ ካላለ አልረገጡም ማለት ነው፤ ካልረገጡ ደግሞ እግሩ ይሰንፍና አልጋ ላይ ይቀራሉ» አለች በአስተርጓሚ።

ናዝሬት እቤታችን እንደገባን አክስቴ በክራንች ቆሙና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ሙሉብርሃን ምን በልቶ ይሆን?» ሲሉ ሳጥኑ ጮኸ።

ሙሉብርሃን ልጃቸው ነው። ፀረ አብዮት ወረቀት በትኗል ተብሎ ይፈለጋል። ዓለም ጤና ከተማ አጠገብ፣ አቶ መርዳሳ የሚባሉ ወዳጃችን ሽንኩርት እርሻ ላይ የቀን ሠራተኛ መስሎ ተደብቋል። ይህን የምናውቀው እኔና እሳቸው ነን።

«ሰማሽ? ስሙን ስጠራ!» ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ሲጠጉኝ እግርዎን ስለረገጡ ነው፣ እቴቴ።»

«ዝም በይ! ግድግዳው ሁሉ ጆሮ ባወጣበት ዘመን ሳጥኑ ምን በወጣው ዝም ይላል?»

ገበሩን በእጄ እየተጫንኩ አሳየኋቸው። ሳልጫን ስሙን ጠራሁ፤ ዝም። ስሙን ሳልጠራ ተጫንኩ፤ ጢጥ። አላመኑኝም።

«አንቺንማ ምን ብሎ ይሰማሻል፤ አልወለድሽው!»

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በበርበሬ መጠቅለያ ጋዜጣ ላይ ነው፤ ቢሆንም ክብደትንና ወሬን ለይቼ አውቃለሁ። እሳቸው ግን የተሰበረውን እግር አንጠልጥለው እንደ ሽመላ በአንዱ ይቆማሉ፤ ባታቸው ዓይኔ እያየ ይመነምናል። ጥርጣሬ ደግሞ እንደ ጉንፋን ነው፣ ይጋባል። ፈረንጇ ይህን ዕቃ ለምን በነጻ አዋሰችን? አስተርጓሚው ቀበሌያችንን ለምን ደጋግሞ ጠየቀ? እያልኩ እኔም ማደር ጀመርኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሰብስቤ መጣ። የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ አለቃ ነው። ከአብዮቱ በፊት ጋሪ ይነዳ ነበር፤ አሁን ሰው ይነዳል። ጠመንጃ የያዘ፣ ፈዬራ የሚባል ጥበቃ ከኋላው ቆሟል።

«እማማ፣ እዚህ ቤት የመገናኛ ሬዲዮ አለ የሚል ጥቆማ ደርሶናል። ለማን ነው የምታስተላልፉት? ለልጅዎ?»

አክስቴ አልጋው ጠርዝ ላይ እንደተቀመጡ ወገባቸው ላይ ያለውን ሳጥን በእጃቸው ሸፈኑ።

«የእግር መሣሪያ ነው» አልኩ። «ሲረገጥ ብቻ ነው የሚጮኸው።»

«ልጅት፣ ምላስሽን ሰብስቢ። ዕቃው ቀበሌ ሄዶ ይመረመራል።»

ዕቃው ከሄደ እግራቸውም አብሮ መሄዱ ነው። ሳጥኑን ከወገባቸው ፈትቼ፣ ገበሩን ከጫማው መዝዤ ወለሉ ላይ አነጠፍኩለት።

«ቀበሌ ድረስ ምን አደከመዎ፣ ጓድ? እዚሁ ይቁሙበትና ይመርምሩት። ወይስ ይፈራሉ?»

ፈዬራ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ሰብስቤ ፍም የሚረግጥ ይመስል በቦት ጫማው ጫፍ ነካ አደረገው። ዝም። ክብደቱ ሁሉ በሌላኛው እግሩ ላይ ነው።

«ይኸው፣ አይጮኽም! ዋሽተሻል።»

«ጓድ ሰብስቤ፣ ሰሞኑን ለቀበሌው ሱቅ ከወንጂ የመጣው ስኳር ግማሹ የት ገባ?»

ሰው ያልጠበቀው ጥያቄ ሲመጣበት እግር ይቀያይራል። «ምን አልሽ አንቺ!» ብሎ ወደ እኔ ሲያዘነብል፣

ጢጥ!

ደንግጦ አነሳው፤ ዝም አለ። መልሶ ሲያሳርፈው እንደገና ጮኸ። ፈዬራ መሳቁን ትቷል። አንዴ ሳጥኑን፣ አንዴ የአለቃውን ፊት ያያል። የእሱም እናት ስኳር አላገኘችም።

«ታዲያ ጓድ፣ ቀበሌ እንውሰደው?» አለ።

«ምን ሊያደርግልን!» ሰብስቤ ግንባሩን በመሐረብ ጠረገ። «የአሮጊት ዕቃ ነው፣ ይቀመጥላቸው።» በሩ ላይ ሲደርስ ዞሮ ጣቱን ቀሰረብኝ። «አንቺን ግን አይቼሻለሁ።»

«እኔም» አልኩት።

ከወጡ በኋላ አክስቴ ሳጥኑን ትክ ብለው አዩት።

«የእነሱ ቢሆን የገዛ ሰዋቸውን ያጋልጥ ነበር?»

ክብደት ነው ልላቸው አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት።

«ምን ትገተሪብኛለሽ? ገበሩን መልሺና ጫማውን አጥልቂልኝ!»

ክራንቹን ይዘው ተነሱ። የተሰበረውን እግር አሳረፉና ከንፈራቸውን ነክሰው ተጫኑት። ጢጥ። ሌላ እርምጃ፤ ጢጥ። ላቡ ከሻሻቸው ስር ይወርዳል፤ እሳቸው ግን አላቆሙም።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ መንገዱን አያለሁ። ሰብስቤ ወደ ጠላ ቤቱ ታጠፈ። ፈዬራ አልተከተለውም፤ ጠመንጃውን አንግቶ ብቻውን፣ ፈጠን ፈጠን እያለ ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሄደ። ስኳሩን ሊናገር ይሆናል። እኛንም ሊናገር ይሆናል።

«ደጅ ማን አለ?» አሉ አክስቴ።

«ማንም የለም» አልኳቸው፤ «እርስዎ ይርገጡ።»