ኪሩ የማይወረውርበት ቅዳሜ

የምሳ ሰዓት አልፎ የጋሼ እንዳሻው ሬስቶራንት ጭር ሲል፣ ዮርዲ መኪናዋን ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ፓርክ አድርጋ ገባችና ሳትቀመጥ የመጣችበትን ነገር ተናገረች።

«ጋሼ፣ ቅዳሜ የሚወረውረው ዝማሬ ነው። ኪሩ ይቀመጣል።»

ጋሼ እንዳሻው የጎረሱትን ሳይውጡ ቀና አሉ። የሰፈሩን ልጆች ሰብስበው የቤዝቦል ቡድኑን ያቋቋሙት እሳቸው ናቸው። አሰልጣኙ ሲያትል ሥራ አግኝቶ ሲሄድ «አንቺ ያዢው» ብለው ቡድኑን ለዮርዲ የሰጡትም እሳቸው ናቸው። ኪሩ ደግሞ ኳስ የሚወረውረው የቡድኑ ዋና ፒቸር ብቻ ሳይሆን የዮርዲ ታላቅ ወንድም ነው።

«ስድስት ጨዋታ ያሸነፈልንን ልጅ ልታስቀምጪ?» አሉ። «ዝማሬ እኮ ያሸነፈው አንዴ ነው! ቅዳሜ ደግሞ ከተሸነፍን የዋንጫ ፕሌይኦፍ የለም፤ ዓመቱ አለቀ ማለት ነው።»

«ስድስቱን ያሸነፉት መቺዎቻችን ናቸው፣ ጋሼ። ኪሩ ሲወረውር እኛ ስምንት ዘጠኝ ነጥብ እናገባለን። ስለዚህ ስድስት ቢቆጠርበትም ያሸንፋል። ዝማሬ ሁለት ብቻ ተቆጥሮበት የተሸነፈው እኛ አንድ ስላገባን ነው። ሶ ማን አሸነፈ የሚለውን እንተወውና ፒቸሩ ራሱ ምን ሠራ የሚለውን እንይ።»

ዮርዲ የሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምትሠራው። አንድ ቁጥር ብቻ አይታ «ይሄ ሰው ታሟል» ማለት እንደማይቻል ታውቃለች። ቡድኑን ከተረከበች ጀምሮ ቫን ናይስ ሰፈር ባለው አፓርታማዋ ተቀምጣ የተቀረጹትን ጨዋታዎች አንድ በአንድ አየች። ቁጥሩ ለወንድሟ እንዲያደላ እየተመኘች ደጋግማ ደመረች። አላደላም። ኪሩ መቺውን ሦስቴ አስቶ የሚያስወጣውን ያህል፣ ኳሱን ለመምታት ከተወሰነው ክልል ውጪ አራት ጊዜ እየወረወረ ተጋጣሚውን በነጻ አንደኛው ቤዝ ላይ፣ ነጥብ ለማግባት ከሚሮጥባቸው ማረፊያዎች የመጀመሪያው ላይ፣ ያስቀምጣል። ይህንን ዎክ ይሉታል። ዝማሬ ግን አንድ ዎክ እስኪሰጥ ድረስ አራት ሰው አስቶ ያስወጣል።

«ሌላም አለ» አለች። «መጀመሪያ የምትመታው አቢጌል ናት።»

«አቢጌል? መቼ መታ ታውቃለች?»

«ብዙ አትመታም። ግን መጥፎ ኳስ አታሳድድም፤ ቆማ ዎክ ታገኛለች። ከአስር ተራዋ በአራቱ ቤዝ ላይ ናት። በመምታት የምናደንቃቸው እንኳ በሦስቱ ብቻ ነው ቤዝ ላይ የሚደርሱት። ቤዝ ላይ ሰው ከሌለ ደግሞ ነጥብ ከየት ይመጣል?»

ጋሼ እንዳሻው እጃቸውን በናፕኪን ጠረጉ። «ቡድኑን የሰጠሁሽ እኔ ነኝ፤ አልነጥቅሽም» አሉ በመጨረሻ። «ለወንድምሽ ግን ራስሽ ንገሪው።»

በዚያው ቀን ነገረችው። ኪሩ መኪናው በር ላይ ተደግፎ እስክትጨርስ አዳመጣት።

«ቤዝቦል ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ» አለ።

«አዎ፣ አንተ ነህ።»

«አሁን ደግሞ በቁጥር ልትቀብሪኝ?»

«ወንድሜ ስለሆንክ ባስገባህ፣ ነገ ሌላውን ሰው ምን ብዬ አስቀምጠዋለሁ?»

ኪሩ መኪናው ውስጥ ገባ። በሩን በኃይል ዘግቶ ሄደ።

ቅዳሜ ቫሊ በሚባለው ሸለቆ ያለው ሙቀት ገና በጠዋቱ አናት ይበሳ ነበር። ኪሩ ይቀራል ብላ ፈርታ ነበር፤ ማሊያውን ለብሶ መጣና ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ሰላም ግን አላላትም።

ጨዋታው ክፉ አጀማመር ጀመረ። የመጀመሪያው መቺ የነካት ኳስ ተንከባልላ በዮርዲ ቡድን ተከላካይ እግር ሥር ሾለከች። ሁለተኛዋ ማንም በሌለበት ወደቀች። ሦስተኛዋን የያዘው ልጅ አሳስቶ ሲወረውራት ሦስቱም መቺዎች ሮጠው አገቡ። ሦስት ለባዶ! ከአጥሩ ጀርባ «ኪሩን አስገቢው!» የሚል ጩኸት ተነሣ። ጋሼ እንዳሻው አጥሩ ድረስ መጥተው ጠሯት።

«ልጄ፣ ይሄ እልህ ነው እውቀት?»

«አንዷም ኳስ በኃይል አልተመታችም፣ ጋሼ። አንድም ዎክ አልሰጠም። ትንሽ ይታገሡኝ።»

አፏ እንዲህ ይበል እንጂ እርግጠኛ አልነበረችም። ቁጥር የብዙ ጨዋታ ነገር ነው፤ ለአንድ ቅዳሜ ዋስ አይሆንም። ቢሆንም ከዚህ የተሻለ ሚዛን አልነበራትም። ወደ ዝማሬ ሄደች። ልጁ ላብ አጥምቆት ዐይኗን ሸሸ።

«ልታስወጪኝ ነው?»

«አይደለም። ምንም አትለውጥ። እንደጀመርከው ወርውር፤ የሚወድቀው ይውደቅ።»

ዝማሬ ተነፈሰና ወረወረ። ከዚያ በኋላ ያው ኳስ ወደ ተከላካዮቹ እጅ መሄድ ጀመረች። አንዱ መታ፣ ተያዘበት፤ አንዱ ሦስቴ ሳተ፣ ወጣ። በአራተኛው ዙር ዮርዲ ከኋላዋ የወንድሟን ድምፅ ሰማች፦ «ዝማሬ! ይሄኛው ዝቅ ያለ ኳስ አይችልም፣ ዝቅ አድርግበት!» ዞር ብላ ልታየው ፈለገች፤ ግን ተወችው።

አቢጌል ሦስት ጊዜ ቆማ ሦስት ጊዜ ቤዝ ላይ ደረሰች፤ አንዴም ጠንክራ ሳትመታ። የሌላው ቡድን ፒቸር እሷ ላይ ብቻ ክንዱን ጨረሰ። ከኋላዋ የመጡት እየመቱ ሁለቴ አስገቧት፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ጨዋታው አራት ለሦስት ሲያልቅ ጋሼ እንዳሻው ኮፍያቸውን አውልቀው የሚያገኙትን ሰው ሁሉ ሲያቅፉ ነበር።

ኪሩ ወደ ቤት ሲመለስ ዮርዲን በመኪናው ወሰዳት። ፍሪዌይ ላይ ሲገቡ ሬዲዮኑን ዘጋው።

«አሁንም ተናድጃለሁ» አለ።

«አውቃለሁ።»

«እነዚያን ዎኮች… አብዛኞቹን የምሰጠው ስንተኛው ዙር ላይ ነው?»

«ከአራተኛው በኋላ። ሲደክምህ እግርህን ቶሎ ታነሣለህ፤ ቪዲዮው ላይ ይታያል።»

ኪሩ መስመር ቀይሮ አንድ ትልቅ መኪና አለፈ። «ነገ ከቤተክርስቲያን ስንወጣ ሜዳ እንሄዳለን» አለ። «ጓንት ይዘሽ ነይ። የምትቀበይኝ አንቺ ነሽ።»

«ኦኬ» አለች ዮርዲ፤ «ግን ቪዲዮውን ዛሬ ታየዋለህ።»